አዲስ ቡችላ ሌሊቱን ተኝቶ እንዲያድር ማስለመድ

ቡችላ ሌሊት የሚያለቅሰው ሊያስቸግራችሁ ብሎ አይደለም። ወይ በርዶታል፣ ወይ ብቻውን መሆኑ አስፈርቶታል፣ ወይ ሽንቱ መጥቷል። በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ርቦት ይሆናል። እስከ ትናንት ከእናቱ ሆድ ሥር ከወንድም እህቶቹ ጋር ተደራርቦ ሲያድር ነበር። ዛሬ ማንንም በማያውቅበት ግቢ ካርቶን ውስጥ ተከቶ በር ሲዘጋበት ዝም ብሎ ይተኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ጅማ ውስጥ በዚህ ጉዳይ መካሪ አይጠፋም። «ተዉት፣ አልቅሶ ሲደክመው ይተኛል» የሚል አለ። «ጨለማ ቤት ዝጉበት፣ ኃይለኛ ይሆንላችኋል» የሚልም አለ። ሁለቱንም አትስሙ። በፍርሃት ያደገ ውሻ የሚነክሰው ሌባ መርጦ አይደለም። የጎረቤት ልጅም ይነክሳል፣ ወተት የምታመጣውን ሴትም ይነክሳል፣ ከዚያ መጨረሻው መታሰር ወይም መገደል ይሆናል። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ ተረጋግቶ የሚያርፍና የለመደውን ድምፅ ከእንግዳው የሚለይ ነው። እሱን ደግሞ የምታሳድጉት ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ነው።

ከባድ ሥራ አይደለም። ሙቀት ስጡት፣ የመጀመሪያ ሰሞን ሰው አጠገቡ ይሁን፣ ሽንቱን በሰዓቱ አስወጡት፣ ይህንንም በየማታው ሳታዛንፉ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አድርጉት። ዝርዝሩ ከዚህ በታች አለ።

ከመምጣቱ በፊት

መጀመሪያ ዕድሜውን እዩ። ከተቻለ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። እኛ አገር ዓይኑ ከተገለጠ ወዲያ ለፈለገ ሰው መስጠት የተለመደ ነው። ግን ቡችላ ንክሻውን መመጠን የሚማረው በነዚያ ሳምንታት ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው። ባለቤቱን «ትንሽ ጊዜ አቆይልኝ» ብላችሁ ለምኑት፣ ለእናቲቱም ምግብ ውሰዱላት። አልሆነም ብሎ የአንድ ወር ቡችላ እጃችሁ ከገባ እዚህ የምላችሁ ሁሉ ለእሱም ይሠራል፤ ልዩነቱ ሌሊትም መመገብ አለበት፣ ሙቀቱም መቋረጥ የለበትም።

ልታመጡት ስትሄዱ አሮጌ ፎጣ ወይም ያረጀ ነጠላ ያዙ። እናቱና ቡችሎቹ በሚተኙበት ላይ አሹት። ቀደም ብላችሁ ወስዳችሁ አንድ ሌሊት እዚያው ቢያድር ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። የእናቱ ሽታ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያቀልለታል። ጨርቁን አትጠቡት።

ጠዋት አምጡት። ማታ ከሥራ መልስ በባጃጅ ይዛችሁት ከገባችሁ ቤቱን ሳያውቅ፣ ሰው ሳይለምድ ጨለማ ይሆንበታል። ቅዳሜ ጠዋት ከመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያሸት፣ ሲበላ፣ ትንሽ ሲያንቀላፋ ይውላል። እናንተም በማግስቱ ሥራ የለባችሁም።

የት ይተኛ?

ጅማ ውስጥ በብዙ ቤት ውሻ ከደጃፍ አያልፍም። በሙስሊም ቤተሰብ በምራቁ ምክንያት ነው፤ በብዙ የክርስቲያን ቤትም ውሻ ሳሎን መግባቱ አይወደድም። ይህ የየቤቱ ሥርዓት ስለሆነ በግድ አስገቡት የሚል ምክር የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቡችላው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሰው ትንፋሽ በሚሰማበት ቦታ ይደር።

ቤት ውስጥ የሚፈቀድ ከሆነ ሳጥኑን አልጋችሁ አጠገብ መሬት ላይ አድርጉት። እጃችሁን ዘርግታችሁ እንድትነኩት ያህል ይቅረብ። አልጋ ላይ ግን አታውጡት። ይወድቃል፣ ይሸናል፣ ኋላ ላይ ማስወረዱም ጣጣ ነው። ቤት የማይገባ ከሆነ ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ ወይም የተከለለ የበረንዳ ጥግ ይሆናል። እዚያ ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ፍራሽ ዘርግቶ ለጥቂት ሌሊት አጠገቡ ቢያድር ሌላው ሁሉ ይቀላል። ግቢያችሁ ጥበቃ ካለው ከጋሼ ጋር ተነጋገሩ። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ለቡችላ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሽንቱንም እሱ ሊያስወጣው ይችላል። ብቻ ሥርዓቱን በደንብ አስረዱት። አንዱ ሌሊት እያጫወተው፣ ሌላው ሌሊት እየጮኸበት ከሆነ ቡችላው ግራ ይገባዋል።

አጥር የሌለው ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ማሳደር ግን በፍጹም አይሆንም። ጅብ እንኳን ቡችላ ትልቁንም ውሻ ይወስዳል። በጅሬን በኩል፣ ከከተማው ዳር ወይም ከወንዝ አጠገብ የምትኖሩ ይህን እኔ አልነግራችሁም። የባዘኑ ውሾችም አሉ፤ ከንክሻው በላይ የሚያስፈራው የሚያመጡት በሽታ ነው።

ሰንሰለትም አታስሩበት። ሌሊት ሰው ሳያየው እግሩ ላይ ወይም አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቀው ይችላል።

መኝታውን ማዘጋጀት

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የቲማቲም የእንጨት ሳጥን ወይም ጠንካራ የሙዝ ካርቶን ይበቃል። መጠኑ ግን ወሳኝ ነው። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃው ይሁን፣ ከዚያ አይብለጥ። ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ሳጥኑ በጣም ሰፊ ከሆነ ግን አንዱን ጥግ ሽንት ቤት፣ ሌላውን መኝታ ያደርገዋል። የእንጨት ሳጥን ከሆነ የወጣ ምስማርና ስንጥር መኖር አለመኖሩን በእጃችሁ ዳስሳችሁ እዩ።

ከምንም በላይ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርጉት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቀን ሲሞቅ ሌሊቱ የሚያሳስብ አይመስልም፤ ንጋት ላይ ግን በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ደህና አድርጎ ይቀዘቅዛል። በክረምት ደግሞ ወለሉ ራሱ እርጥበት ይይዛል። ሁለት ጣውላ ወይም የተነባበረ ካርቶን ከሥሩ አድርጉ። ከላይ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ ወይም የጋቢ ቁራጭ አንጥፉ፣ በመጨረሻም ያን የእናቱን ጨርቅ። የተፈታ ክር ያለውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ይውጠዋል። ፌስታል ሳጥኑ ውስጥ አይግባ።

አሁን ለጅማ ሰው በጣም የምፈልገው ማስጠንቀቂያ። የቡና ገለባ አታንጥፉለት። እዚህ በሽ በሽ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል፣ ስለዚህ ሰው ለዶሮም ለውሻም ማንጠፍ ይቀናዋል። ነገር ግን ገለባው ካፌይን አለው፣ ቡችላ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ትንሽ ሰውነት ላይ ትንሹም ብዙ ነው፤ ያቅበጠብጠዋል፣ ልቡን ያስመታዋል፣ ሲብስ ያንዘፈዝፈዋል። ግቢያችሁ ቡና የሚሰጣበት ከሆነ ቡችላው እንዳይደርስበት ከልሉት። ከቡና በኋላ አተላውን ደጅ የመድፋት ልማድ ካላችሁም ለጊዜው ራቅ አድርጉት።

ለሙቀት የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። የፈላ ሳይሆን እጃችሁ የሚችለውን ትኩስ ውኃ ሙሉበት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በወፍራም ካልሲ ወይም ፎጣ ጠቅልሉት፣ ከዚያ በሳጥኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጡ። ሲሞቀው ወደ ሌላው ጎን መሸሽ መቻል አለበት። ጠርሙሱን ማኘክ ከጀመረ አውጡት። ከሰል ማንደጃ ግን ወደተዘጋ ክፍል አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ እሱንም፣ አጠገቡ የተኛውን ሰውም ይገድላል።

ቀን ላይ የሚሠራ ሥራ

ሳጥኑን ቡችላው መጀመሪያ የሚያውቀው ሌሊት መሆን የለበትም። በመጣበት ቀን በሩን ክፍት አድርጋችሁ ውስጡ ትንሽ ሥጋ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ጣል አድርጉ። ራሱ ገብቶ ይብላ፣ ራሱ ይውጣ። ቀን እንቅልፍ ሲያዳፋው ቀስ ብላችሁ ወስዳችሁ እዚያ አስተኙት። ደጋግማችሁ ስታደርጉት «እዚህ ምግብ አለ፣ እዚህ ይሞቃል» ብሎ ይይዘዋል። ሲያጠፋ ለቅጣት እዚያ አትክተቱት። አንዴ እስር ቤት ከመሰለው ማታ አይገባላችሁም።

ቡችላ በቀን እስከ 18 ወይም 20 ሰዓት ይተኛል። ይህን የማያውቅ ሰው «ማታ እንዲተኛ ቀን እንዳይተኛ» ብሎ ሲቀሰቅሰው ይውላል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ከልክ በላይ የደከመ ቡችላ ይነጫነጫል፣ ሰው ይነክሳል፣ በግቢው ያለ ልክ ይሯሯጣል፣ ማታም ይብስበታል። ቀን እንደፈለገ ይተኛ። ከአመሻሹ 12 ሰዓት በኋላ ግን ረጅም እንቅልፍ እንዳይወስደው ቀስ አድርጋችሁ አንቁት።

ሌላው ብቻውን መሆንን ማስለመድ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሳለ ትንሽ ራቅ በሉ፣ ሳያለቅስ ተመለሱ። ከዚያ ከክፍሉ ውጡና ተመለሱ። ጊዜውን በጥቂት በጥቂቱ አስረዝሙት። ስትመለሱ ትልቅ ደስታ አታሳዩ። መሄዳችሁም መመለሳችሁም ተራ ነገር ይሁንለት።

የማታው ቅደም ተከተል

ቤተሰቡ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ነው ብለን እንነሳ። እናንተ በራሳችሁ ሰዓት አስተካክሉት። ዋናው ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ምግብ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ይሰጥ። የሁለት ሦስት ወር ቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው የሚበላው፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሩዝ በተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ወይም እንጀራ ጨው በሌለው የሥጋ መረቅ የራሰ ይሆናል። የተረፈ ወጥ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። በርበሬው ሆዱን አቃጥሎ ሌሊቱን ያስነሳዋል። የላም ወተትም ብዙ ቡችሎችን ያስቀምጣል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ማታ በደንብ የማይተኛ ቡችላ ካያችሁ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሳህኑ ነው።

ከምግብ በኋላ ወዲያው ወደ ደጅ አውጡት። ቡችላ ከበላ፣ ከተኛ፣ ከተጫወተ በኋላ ነው የሚሸናው።

1 ሰዓት ተኩል ግድም ጨዋታ ነው። ልጆቹ ካሉ ይኸው ጊዜያቸው፤ ጨርቅ ይጎትቱ፣ ኳስ ያንከባልሉ። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ይብቃ። ውኃውንም ያኔ አንሱት። ቀን ግን ውኃ አይከልከል፣ በተለይ ፀሐዩ በሚበረታበት ወቅት። ከዚህ በኋላ ቤቱ ረጋ ይበል። ቴሌቪዥኑን ዝቅ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጉ። እንግዳ መጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ ቡችላውን ከመካከል አውጥታችሁ ጸጥ ወዳለ ክፍል ውሰዱት። ጫት የሚቃምበት ቤት ከሆነ ደግሞ ገራባው ወለል ላይ አይቅር። ለሰው እንቅልፍ የሚነሳው ንጥረ ነገር ቡችላ ላይ ይከፋል።

ሊተኛ ሲል የመጨረሻው ሽንት። በእጃችሁ አቅፋችሁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰዱት፣ መሬት አውርዱት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ሲጀምር ልጅ ሲሸና እንደሚባለው «ሽሽሽ» በሉት። ሲጨርስ እዚያው፣ በዚያው ቅጽበት፣ ትንሽ ነገር አጉርሱትና አሞግሱት። ቤት ገብቶ መሸለም ዋጋ የለውም፤ ምን አድርጎ እንደተሸለመ አያገናኘውም።

ክረምት ላይ ይህ ሥራ ፈተና ነው። የጅማ ዝናብ ሰዓት አይመርጥም፣ ቡችላም እርጥብ ሣር ላይ ካወረዱት ተንቀጥቅጦ ሳይሸና ይመለሳል፤ ገብቶ ምንጣፍ ላይ ይለቀዋል። ስለዚህ ጣራው ሥር ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ አንጥፉለት። ሰጋቱራ በየእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ስለማይጠፋ ችግር የለም። የቆሸሸውን በየቀኑ እያነሳችሁ ጥቂት ሽንት የነካውን ተዉ፣ ሽታው ይመራዋል። እግሩን በደንብ አድርቃችሁ አስገቡት። እርጥብ ሆኖ የተኛ ቡችላ አይሞቀውም።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ። ሁልጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ተኛ» ወይም «ወደ ቤት»። ጅማ ውስጥ አንድ ቤት ውስጥ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ መናገሩ የተለመደ ስለሆነ በየትኛው እንደምታዙት ቀድማችሁ ተስማሙ። ሁለቱንም ኋላ ይማራል፣ አሁን ግን አንዱን ያዙ። ትንሽ አጉርሱት፣ መብራቱን አጥፉ፣ አጠገቡ ተኙ። ሲያላዝን እጃችሁን ሳጥኑ ላይ አሳርፉ። ማውራት አያስፈልግም።

ሌሊት መነሳት

የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሦስት ሰዓት በላይ ይያዝ ማለት ግፍ ነው። የሦስት ወሩ አራት ሰዓት ገደማ ይችላል። ስለዚህ እስኪያለቅስ አትጠብቁ። 4 ሰዓት ከተኛ የስልካችሁን ማንቂያ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም 10 ሰዓት ላይ ሙሉ። ቀድማችሁ ስትነሱ ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ፤ አንደኛ ሳጥኑ አይበላሽም፣ ሁለተኛ ደግሞ «ሳለቅስ ይመጡልኛል» የሚለውን አይማርም።

ስታወጡት ቀዝቀዝ ብላችሁ ሁኑ። አቅፋችሁ ውጡ፣ በስልክ መብራት ወይም በባትሪ፣ ሽንቱን ጠብቁ፣ «ጎበዝ» በሉት፣ መልሱት። መሳም የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ምግብ የለም። ቡችላው «ሌሊት ሽንት ብቻ ነው» የሚለውን የሚማረው በዚህ ነው። ትንሽ ጠብቃችሁ ካልሸና ግባ በሉት። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ለመደናበር እንዳይሆን ባትሪውን ቋሚ ቦታ አስቀምጡ። ጫማችሁንም በር ላይ አድርጉ።

ለጥቂት ቀን ሳጥኑ ደርቆ ካደረ ማንቂያውን በ15 ደቂቃ ወደፊት ግፉ። እንደገና ደረቅ ሲያድር እንደገና ግፉ። ሁለቱ መነሳት ወደ አንድ ይወርዳል፣ አንዱም ንጋት ላይ ይደርስና ይቀራል። አብዛኞቹ አራት ወር ገደማ ሲሆናቸው ሌሊቱን ይዘልቃሉ። ዘግየት የሚልም አለ፣ አትበሳጩበት። ሳጥኑ ውስጥ ሸንቶ ካገኛችሁትም አትምቱት፣ አፍንጫውንም አትድፈቁት። ጨርቁን ቀይሩ፣ ማንቂያውን ወደ ኋላ መልሱ።

ልቅሶውን መለየት

ሁሉም ልቅሶ አንድ አይደለም። ገና እንዳስተኛችሁት የሚያሰማው ዝቅ ያለ ማጉረምረም ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ፍለጋ ነው። እጃችሁን አሳርፉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ይረጋጋል። ተኝቶ ቆይቶ በድንገት ተነስቶ የሚያለቅስ፣ የሚዞር፣ ሳጥኑን የሚቧጥጥ ከሆነ ሽንት ነው፤ ቶሎ አውጡት። ሳያቋርጥ የሚጮህ፣ የሚያለከልክ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ከሆነ ደግሞ ፈርቷል። ይህን «ይለምደዋል» ብላችሁ አትተዉት። ቅረቡት፣ ሰውነቱን አሙቁት፣ ሳጥኑንም ወደ እናንተ አስጠጉ። ፍርሃት ላይ መድረስ ማባለግ አይደለም። ሲረጋጋ ብቻ ነው የሚማረው።

አራተኛው የሕመም ልቅሶ ነው። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ በተለይ ደም ካያችሁ ጠዋቱን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገድላል፣ መዘግየት አያዋጣም። የሰው ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን አትስጡት። «ትንሽ አረቄ ያስተኛዋል» የሚሉም አሉ፤ አልኮል ለቡችላ መርዝ ነው።

የሌሊቱ ድምፆች

የጅማ ሌሊት ጸጥ ያለ አይደለም። ጅብ ይጮኻል፣ የሰፈር ውሾች ይመላለሱበታል፣ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ያልፋል፣ ክረምት ላይ መብረቁ ቤት ያናውጣል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውም ዝናብ አለ። ንጋት ላይ ደግሞ አዛኑ፣ በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ። ቡችላው እነዚህን አንድ በአንድ ነው የሚለምዳቸው። የሚለምደውም የእናንተን ሁኔታ እያየ ነው። ነጎድጓድ ሲሆን ዘላችሁ ከተነሳችሁ እሱም ይነሳል። ባላችሁበት ሆናችሁ እጃችሁን ካሳረፋችሁበት ግን ቀስ እያለ ይተኛል። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈትም ይረዳል፣ ድንገተኛውን ድምፅ ያለዝበዋል።

በንጋቱ አዛን ነቅቶ ካለቀሰ ቀኑ ተጀመረ ማለት አይደለም። ለሽንት አውጡት፣ ከዚያ ቀናችሁ እስኪጀምር ወደ ሳጥኑ መልሱት። በዚያ ሰዓት አንድ ቀን ምግብ ከሰጣችሁት ነገም በዚያው ሰዓት ይጠብቃችኋል።

ቁንጫ፣ ትል፣ ክትባት

እነዚህ የእንቅልፍ ጉዳይ አይመስሉም፤ ናቸው። ሌሊቱን ሲያክክ የሚያድር ቡችላ ምንም ብታደርጉለት አይተኛም። ቀን ፀሐይ ሲኖር ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ በጥሩ ማበጠሪያ ፀጉሩን እየከፈላችሁ ቁንጫውን ልቀሙ። ጨርቁን በፈላ ውኃ ቀቅላችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ያን ጊዜ የእናቱ ሽታም ሥራውን ጨርሷል። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ወይም የቤት ፀረ ተባይ ግን አትርጩበት፣ ይገድለዋል። ለዕድሜውና ለክብደቱ የሚሆነውን ከሐኪም ጠይቁ።

የሆድ ትል ያለበት ቡችላ ሆዱ ተነፍቶ ሌሊት ይቁነጠነጣል። መድኃኒቱ ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሲመጣ ምን እንደተሰጠው ባለቤቱን ጠይቁ። ትሉ ወደ ልጆችም ይተላለፋል፤ ልጆች አቅፈውት እንዳይተኙ የምለውም ለዚህ ነው።

የፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባለው የሌላው የውሻ ቫይረስ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ተጀምሮ አራት ወር እስኪሞላው ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል። ጅማ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፣ ባለሙያ መጠየቅ ሩቅ አይደለም። ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ይህን በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው የለም።

ወደ በረንዳው ማውጣት

ቤት ውስጥ አስተኝታችሁ ጀምራችሁ ኋላ ደጅ እንዲያድር ከፈለጋችሁ በአንድ ሌሊት አታውጡት። በደንብ መተኛት ሲጀምር ሳጥኑን ከአልጋው ትንሽ ራቅ አድርጉት። ሲለምደው ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ወደ በረንዳው። በየቦታው ጥቂት ሌሊት ይቆይ። አንዱ ቦታ ላይ ማልቀስ ከጀመረ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሱትና እንደገና ሞክሩ። ሳጥኑ፣ ጨርቁ፣ ቃሉና ሰዓቱ ያው ይሁኑ፤ የሚቀየረው ቦታው ብቻ ነው።

ይህን ሥራ በሐምሌና በነሐሴ አትጀምሩ። ዝናቡ ሲቀንስ፣ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ይሻላል። በረንዳው ላይ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ጣውላ ወይም ሸራ ከልሉ፣ ሳጥኑንም በእንጨት ቤት ለውጡት። በሩ ጠባብ፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣራው ተዳፋት ይሁን። አናጺ ስታሠሩ የሚያድግበትን መጠን አስቡና ውስጡን ለጊዜው በጣውላ ከፍላችሁ አጥብቡለት፣ ሲያድግ ጣውላውን ታነሳላችሁ። የግቢው በር ሥር ክፍተት ካለ ዝጉት። ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሽንቱን ማስወጣቱን ግን ካደገም በኋላ አትተዉት።